እያለቀስሽ ነው?

ማታ ማታ ከቆቦ ስትደውል የእናቴ ድምፅ በአፍንጫዋ ይወጣ ነበር። «እያለቀስሽ ነው?» እላታለሁ። «ኧረ አላለቀስኩም» ትላለች። አላምናትም። ቆቦ ከሐምሌ 2013 ጀምሮ ጦርነት የተመላለሰባት ከተማ ናት፤ እናቴም ታናሽ ወንድሟን ቀብራለች። ብታለቅስ ምን ይገርማል?

ጠዋት ደህና ናት። ቡና ስታፈላ አቦሉን እንደ ድሮዋ ትቀዳለች። በረካ ላይ ስትደርስ ግን የግራ ዓይኗ ቆብ ወርዶ ግማሹን ይሸፍነዋል፣ ጀበናው ይከብዳታል። ቆሎ ትጀምርና መንጋጋዋ ዝሎ ትተወዋለች። ፊቷ ሲዝል ደግሞ ለሚያያት ሁሉ ያዘነች ትመስላለች።

ሩቅ ሆስፒታል ሄዳ፣ ዘመድ ቤት አድራ፣ ጠዋት ተራ ይዛ ስትገባ ምንም የለም። ሐኪሙ ጉልበቷን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ደህና ነው አለ። «ሐዘን ደርሶብዎታል?» «አዎ።» «ጭንቀት ነው እማማ፣ ራስዎን ያረጋጉ።» ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ቦታ። ሦስተኛው እኔ ነበርኩ፣ በስልክ።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ደንበኛ «ይበላሻል» እያለ እኔ ጋ ካልተበላሸ፣ «እኔ ጋ ይሠራል» ብሎ ጉዳዩን መዝጋት እንዴት እንደሚቀል አውቃለሁ። ግን እኛ እንኳ «ችግሩን ማየት አልቻልኩም» ብለን ነው የምንዘጋው። «ደንበኛው አዝኗል» ብለን አንጽፍም።

«አላገኘሁትም» እና «ጭንቀት ነው» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ስለ ሐኪሙ ነው፤ ሁለተኛው ስለ በሽተኛዋ የተሰጠ ምርመራ ነው፣ የራሱ ማስረጃ ያስፈልገዋል። ማስረጃ ደግሞ አይጠፋም። አካሉ ሳይጎዳ እግር አልታዘዝ የሚልበት ሕመም በእርግጥ አለ፤ ማስመሰልም አይደለም። ለእሱም ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ የሁቨር ምልክት የሚባል አለ፦ በሽተኛው የዛለውን እግሩን ወደ ታች ግፋ ሲሉት አይችልም፣ ሌላኛውን አንሳ ሲሉት ግን ያው የዛለው እግር ሳያስበው ወደ ታች ይገፋል። ይህ ተፈልጎ የተገኘ ነገር ነው። እናቴ ላይ ግን ምን ተገኘ? ሐዘን። ሐዘንማ ከጎረቤቶቿ የሌለበት ማን አለ? የእነሱ ዓይን ግን አልወደቀም።

ለንደን ጋይስ ሆስፒታል አንዲት ልጅ ደካክሟት፣ መናገር ከብዷት ገባች። ስታዩዋት ጤነኛ ስለምትመስል የነበረው ሐኪም ሂስቴሪያ ነው ወደ ማለት አዘነበለ። ሞተች። ሳሙኤል ዊልክስ በ1877 እ.ኤ.አ. ጉዳይዋን ሲጽፍ፣ ከሞተች በኋላ አንጎሏ በጥንቃቄ ተመርምሮ ምንም እንዳልተገኘበት አሰፈረ። ዛሬ ላይ ማያስቴኒያ ግራቪስ ሳይሆን አይቀርም ይባላል፤ የሰውነት መከላከያ ነርቭና ጡንቻ የሚገናኙበትን ቦታ ሲያጠቃ የሚመጣ ድካም። አንጎሏን ቢያዩት ምን ሊገኝ?

ያው በሰሜን ወሎ፣ በዚያን ጊዜው ደላንታ ዳውንት፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ድርቅ ሲመጣ ጓያ የበላ ሰው እግሩን ተያዘ፤ 2,000 ገደማ። እዚያ ብዛቱ ራሱ ምስክር ነበር። ብቻውን ለታመመ ሰው ግን የመጀመሪያው ምስክር የራሱ ቃል ነው፣ እሱም «ያዘነ ሰው ቃል» ከተባለ ወዲያ ሌላ ምስክር የለውም።

እህቴን ማታ ማታ በስልክ ቅረጫት አልኳት። ቪዲዮዎቹን ይዘን አዲስ አበባ፣ በከሰዓት ተራ፣ ኒውሮሎጂስት ጋ ገባን። ሐኪሟ ዓይኗን ሳትነቅል ጣሪያውን እንድታይ አደረገቻት። አንድ ደቂቃ ገደማ ሲሆን ቆቡ ወረደ። ማሽን የለ፣ ምን የለ። የደም ምርመራው በኋላ አረጋገጠው። ሜሪ ዎከር በ1934 እ.ኤ.አ. ሕመሙ በኩራሬ መርዝ ከመያዝ ጋር መመሳሰሉን ልብ ብላ የኩራሬ ማርከሻ ሞከረች፣ ሠራም፤ እናቴ የምትወስደው ክኒን የዚያ ዘመድ ነው። ከምግብ በፊት ትወስደዋለች፣ ቆሎም ታኝካለች።

ባለፈው ደወለች፣ ድምፅዋ በአፍንጫዋ።

«ክኒኑን ወስደሻል?» አልኳት።

«ወስጃለሁ። ዛሬ የአጎትህ ሙት ዓመት ነው፣ እያለቀስኩ ነው» አለች።