ገበታን የጋራ የሚያደርገው ምንድን ነው?

አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላሉ። ምግብ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ አብልቶ የሚያጠግበው የአስተናጋጁ ፊት ነው ማለታቸው ነው። ይህን ተረት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው አድገናል። ይሁን እንጂ የሰሙት ሁሉ ገባ ማለት አይደለም። እኛ የሰንበቴ ልጆች ነገሩ የገባን ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የጣሊያን ምግብ ቤት ነው፤ ያውም ካፈርን በኋላ። ስለዚህ «ገበታን የጋራ የሚያደርገው ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከእናንተ ጋር ልንመረምረው ወደድን።

በመጀመሪያ የሆነውን እንንገራችሁ። አምስት ነበርን። አራታችን በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግን፣ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የምንማር ነን። አምስተኛው ሙስሊም ጓደኛችን ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ወንበር ተቀምጠን ተምረናል፤ ከእናቱም እጅ ትኩስ ቂጣ ተቀብለን በልተናል። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በአጣዬና በአካባቢው በተነሣው ግጭት ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ብዙ ሕዝብ ተፈናቀለ። የኛም ቤተሰቦች በየአቅጣጫው ተበታተኑ። ከዚያ ወዲህ እርስ በርሳችን በስልክ እንኳ መጠያየቅ ፈርተን ለብዙ ጊዜ ተለያይተን ቆየን። በመጨረሻ ጓደኛችን ለሥራ አዲስ አበባ መምጣቱን ስንሰማ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። «ዛሬማ ወግ ባለው ቤት ነው የምንበላ!» ተባባልን፤ እሑድ ቀን ተቀጣጥረንም ገባን።

በዚያ ቤት ምግብ ለእያንዳንዱ ሰው በየሣህኑ አይቀርብም። ለአራትም ለአምስትም ሰው የሚበቃው በአንድ ትልቅ ሣህን ተደርጎ ከመሐል ይቀመጣል፤ ሁሉም ከዚያ እያነሣ ይበላል። የቤተሰብ አበላል ይሉታል። እኛም ይህን ስናይ «ይኸው የኛው ትሪ አይደለም እንዴ!» ብለን ተደሰትን። ሳንጠያየቅም ሥጋ ያለበትን ትልቁን ላዛኛ አዘዝን። ጓደኛችን ፈገግ ብሎ «እናንተ ብሉ፤ እኔ ቅድም በልቼ ነው የመጣሁት» አለና ለራሱ ዳቦና ሻይ አዘዘ። እኛም አመንነው። እንዲያውም «ከተማ ገብቶ ኮራብን» እያልን ቀለድንበት። ሒሳቡ ሲመጣ ለአምስት አካፈልነው፤ እሱም ምንም ሳይናገር ድርሻውን አውጥቶ ከፈለ።

ወደ ማደሪያችን ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ከመካከላችን አንዱ «ለመሆኑ የዚያን ሥጋ ከብት ማን ነው ያረደው?» ሲል ሁላችንም ዝም አልን። በአገራችን ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን እንደማይበላ የማያውቅ የለም። ሰንበቴ ላይ ሕፃን ልጅ እንኳ ይህን አይረሳም። እኛ ግን ረሳነው። ጓደኛችን ርቦት መጣ፣ ርቦት ተመለሰ፤ ለረኃቡም ከፈለ።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? ከምግብ ቤቱ ነው እንዳንል፣ ቤቱ ያዘዝነውን ነው ያቀረበልን። ከመካከላችን አንዱ ግን «ድሮስ ከጣሊያን ማዕድ ምን በጎ ነገር ይገኛል?» አለ። ይህን ያለው ያለ ምክንያት አልነበረም። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ደግሞ በደብረ ሊባኖስ የፈሰሰውን ደም የሚረሳ ኢትዮጵያዊ የለም። ጣርማ በርን በዋሻ አቋርጦ በሰንበቴ በኩል ወደ ደሴ የሚያልፈውን መንገድም ያሠራው ያው ወራሪ ነው። ፓስታና መኮሮኒም በአገራችን በሰፊው የተለመዱት በአብዛኛው ከዚያ ዘመን ወዲህ ነው። ይሁን እንጂ ምግብ በራሱ ኃጢአት የለበትም። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ንጉሠ ነገሥቱ ሕዝቡ በጠላቱ ላይ ቂሙን እንዳይወጣ ለምነው ነበር፤ እዚሁ የቀሩ ጣሊያኖችም ብዙ ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ የነበረው ካስቴሊ በፒያሳ የከፈተው ምግብ ቤት ለብዙ ዓመታት ስሙ የታወቀ ነበር። ሕዝባችንም ምግቡን ተቀብሎ የራሱ አደረገው፤ በየመንገዱ ዳር ባሉ ምግብ ቤቶች ፓስታ በእንጀራ ላይ ፈሶ በእጅ ይበላል። እንግዲህ የጠላትን ምግብ እንኳ ወደ ገበታችን ለማቅረብ ልብ ካገኘን፣ የወዳጃችንን ረኃብ ለማየት ምን አሳነሰን?

ደግሞም ያ አበላል በመነሻው ክፉ አይደለም። በጣሊያን አገር እሑድ ቤተሰብ በአያት ቤት ተሰብስቦ ረጅም ምሳ የሚበላበት የቆየ ልማድ አለ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1880 እስከ 1924 ባለው ጊዜ ከ4 ሚሊዮን የሚበልጡ ጣሊያኖች ወደ አሜሪካ ተሰደዋል። ብዙዎቹ ከደቡቡ ክፍል የሄዱ ድኾች ነበሩ፤ በአገራቸው ሥጋ የሚያዩት አልፎ አልፎ በበዓል ቀን ነበር። በስደት አገር ጥቂት ሲያልፍላቸው ትልቅ ሣህን ከመሐል አስቀምጦ ዘመድ መሰብሰብ ለእነርሱ ትርጉሙ ከመጥገብ የበለጠ ነበር።

የኛም አገር ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። በየአጥቢያው የሰንበቴ ማኅበር አለ። ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ተራ ገብቶ ያዘጋጀውን ዳቦና ጠላ ይዞ ይመጣል፤ አብረው ይበላሉ፣ ድኻውም ከዚያው ይቀምሳል። ከተማችንም ሰንበቴ ትባላለች፤ ገበያዋ የሚቆመውም እሑድ ነው። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው ከቆላውም ከደጋውም መጥቶ ይገናኝባታል። ስለዚህ እሑድ ቀን ከሰው ጋር ተገናኝቶ አብሮ መዋል ለኛ ለሰንበቴ ልጆች አዲስ ትምህርት ሊሆን ባልተገባው ነበር።

ከዚህ ላይ እናቶቻችን የሚያደርጉትን እናስታውስ። በኛ አገር ክርስቲያን ልጁን ሲድር ሙስሊም ጎረቤቱን ይጠራል። ሲጠራውም «ና ብላ» ብሎ ብቻ አይተወውም። ድግሱ ከመድረሱ በፊት በጉን ወይም ፍየሉን ለራሱ ለጎረቤቱ ይሰጠዋል፤ እሱ በራሱ ቢላዋ ያርዳል፣ ሴቶቻቸው በራሳቸው ድስት ይሠራሉ፣ መቀመጫቸውም ይዘጋጃል። ሙስሊሙም በበኩሉ ሲደግስ ለክርስቲያን ጎረቤቶቹ እንዲሁ ያደርጋል። ጾም ከሆነም የጾም ወጥ አይጠፋም። በሠርጉ ቀን ማንም ጦሙን አይውልም፤ «ቅድም በልቻለሁ» ብሎ የሚዋሽም አይኖርም።

እንግዲህ ሁለቱን እናስተያይ። በሰንበቴ ሠርግ ድስቱ ሁለት ነው፤ ገበታው ግን አንድ ነው። እኛ በአዲስ አበባ ሣህኑን አንድ አደረግን፤ ገበታውን ግን ለሁለት ከፈልነው። ይህም ገበታን የጋራ የሚያደርገው የሣህኑ አንድነት አለመሆኑን ያሳያል። ገበታን የጋራ የሚያደርገው ምግቡ ከመታዘዙ በፊት «ከመካከላችን ይህን መብላት የማይችል ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

በዚህ አሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ነው። «ድስት መለየት ራሱ መለያየት ነው፤ ረኃብ ሃይማኖት የለውም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ይብላና ልዩነቱ ይቅር» ይላሉ። አሳቡ ከመልካም ልብ የመጣ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አንድን ሰው «እምነትህን ከደጅ አስቀምጠህ ግባ» ካልነው የጠራነው እሱን አይደለም፤ እኛ የምንፈልገውን ሌላ ሰው ነው። ደግሞም እንዲህ ሲባል እምነቱን እንዲያስቀምጥ የሚጠየቀው ዘወትር በቁጥር ያነሰው ነው። በዚያ ቀን እኛ አራት ነበርን፤ እሱ አንድ ብቻ። በሌላ ቀንና በሌላ ስፍራ ደግሞ አንዱ እኛ ልንሆን እንችላለን።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ታዲያ እሱስ ለምን አልተናገረም?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ቢናገር ኖሮ ወዲያው ሌላ ምግብ ባዘዝን ነበር። ነገር ግን ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ያውም እንደዚያ ካለ መከራ በኋላ የተገናኘ ወዳጅ የደስታውን ሰዓት ማበላሸት ይከብደዋል። እሱ ለኛ ደስታ ሲል ረኃቡን ደበቀ፤ እኛ ግን ለእሱ ስንል አንዲት ጥያቄ አልጠየቅንም። በአገራችን ባህል ጉርሻ የሚባል ነገር አለ። የሚያጎርስ ሰው የሚጎርሰውን ሰው አፍና ዓይን ሳያይ ማጉረስ አይችልም። በዚያ ቀን ሁላችንም ሹካ ይዘን ነበርና ማንም ማንንም አላጎረሰም። አንዳችን እንኳ እጃችንን ወደ እሱ ዘርግተን ቢሆን ኖሮ ነገሩ በዚያው ሰዓት ይገለጥ ነበር።

ስለ ሒሳቡም አንድ ቃል እንበል። ለአምስት እኩል ስናካፍለው ፍርድ ያደረግን መስሎን ነበር። አርስጣጣሊስ ግን እኩል ላልሆኑት እኩል መስጠት የጠብ መነሻ እንደሆነ አስተምሯል። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ፣ በምዕራፍ 11፣ አብረው ለመብላት ተሰብስበው አንዱ ሲራብ ሌላው ሲሰክር የነበሩትን አጥብቆ ወቅሷል። እነዚያ ሰዎች በአንድ ቤት ተሰብስበው ነበር፤ ሆኖም የጋራ ማዕድ አልነበራቸውም። ይህን ቃል በሰንበት ትምህርት ቤት ስንቴ አነበብነው! ነገር ግን ስለ ሌሎች የተጻፈ ይመስለን ነበር።

ከዚያስ ምን አደረግን? በሚቀጥለው ቀን ደውለን ይቅርታ ጠየቅነው። እሱም ሳቀና «እንኳን ይህችን፣ ስንቱን አሳልፈን የለም እንዴ!» አለን። ይህ ቃሉ ከወቀሳ ይልቅ ከበደን። ከዚያም እንደገና ለመገናኘት ቀን ስንመርጥ አንድ ነገር ትዝ አለን። ዓርብ ቀን እኛ ጾመኞች ነን፤ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላልም አንበላም። የጾም ምግብ ደግሞ የእርድ ጥያቄ የለበትም፤ ለእሱም ይስማማዋል። ስለዚህ እሱ ከጁምዓ ሶላቱ ሲመለስ፣ እኛም ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ በዚያው ምግብ ቤት ተገናኘን። በዚህ ጊዜ ከማዘዛችን በፊት እሱንም አስተናጋጁንም ጠየቅን። ያለ እንቁላል፣ ከስንዴና ከውኃ ብቻ የተሠራ ፓስታ መሆኑን አረጋግጠን በቲማቲም፣ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ተሠርቶ፣ ቺዝ ሳይነካው በትልቁ ሣህን እንዲመጣልን አዘዝን። አምስታችንም ከአንድ ሣህን በላን። በሹካ የተጠቀለለ ፓስታ ለጉርሻ እንደማይመች ያየነውም በዚያ ቀን ነው፤ ግማሹ በጓደኛችን ሸሚዝ ላይ ቀረ። ሒሳቡንም የዚያን ቀን ዕዳ ስለነበረብን እሱን ሳናስነካ አራታችን ከፈልን።

ጾም ከሰው የሚለየን ይመስለን ነበር፤ በዚያ ዓርብ ግን አብሮ ያስቀመጠን ጾማችን ነው። ከሥጋው ቀን ይልቅ የጎደለበት ቀን ለሁላችን በቃ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ እኛ የዚያ አገር ልጆች አብሮ መብላት ቀላል ነገር እንዳልሆነ አይተናል። በአንድ ገበያ የዋለ ሕዝብ ሲጎዳዳ፣ እናቶቻችን ለጎረቤት ያዋሱት ድስት ከቤቱ ጋር ሲቃጠል የደረሰብን ትውልድ ነን። አንድ ሣህን ፓስታ ያን ሁሉ ይጠግነዋል አንልም። ነገር ግን ጥገናው ከየት እንደሚጀምር ከእናቶቻችን ድግስ መማር እንችላለን። ከመደገሳችን በፊት እንጠይቅ። «በልቻለሁ» ያለንንም ሰው ፊቱን ደግመን እንየው።