ስለ አፍ መፍታት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ሕፃን መናገር ሲጀምር ወላጆቻችን «አፉን ፈታ» ይላሉ። ከእናታችን የተቀበልነውንም ቋንቋ «አፍ መፍቻ» እንለዋለን። እንዲህ ከሆነ የሰው ልጅ አንደበት ታስሮ ይወለዳል፤ ፈቺም ያሻዋል ማለት ነው። ፈቺው ማን ነው? በሕፃናት ክፍል የምናስተምር ወጣቶች ይህን ሳንጠይቅ ብዙ እሑዶች አልፈውናል። ዛሬ ለምን እንደጠየቅን ወደ ኋላ እንናገራለን።

በመጀመሪያ ከማሕፀን እንነሣ። ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ በምዕራፍ 1 እንደጻፈው፣ እመቤታችን ወደ ተራራማው አገር ሄዳ ኤልሳቤጥን ሰላም ባለቻት ጊዜ ድምፅዋ ከእናቲቱ ጆሮ አልፎ በማሕፀን ላለው ሕፃን ደረሰ፤ ዮሐንስም በደስታ ዘለለ። መልአኩ ለእመቤታችን እንደነገራት ኤልሳቤጥ በዚያ ወቅት ስድስተኛ ወሯ ነበር። የዮሐንስ መዝለል የመንፈስ ቅዱስ ሥራ እንደሆነ እናምናለን። ይሁን እንጂ የፅንስን ነገር የሚመረምሩ ሐኪሞችም የፅንስ ጆሮ ድምፅ መቀበል የሚጀምረው በስድስተኛው ወር ግድም መሆኑን ማግኘታቸው ደስ ያሰኛል። ሕፃኑ በተወለደ በጥቂት ቀን ውስጥ የእናቱን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ የሚለየው ስለዚህ ነው፤ ሲሰማው የከረመ ድምፅ ነውና።

ከዚህ በኋላ ያለው ለእናቶች አዲስ ነገር ስላይደለ ፈጠን ብለን እንለፈው። በሁለትና በሦስት ወር ሕፃኑ በጉሮሮው ድምፅ እያወጣ ይጫወታል፤ በስድስት በሰባት ወሩ «ባባባ»፣ «ማማማ» ይላል፤ ዓመት ሲሞላው የመጀመሪያይቱን ቃል ይናገራል፤ ወደ ሁለት ዓመት ሲጠጋ «እማ ውኃ» ብሎ ሁለት ቃል ያጋጥማል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የየትኛውንም አገር ቋንቋ ድምፅ መለየት ይችላል፤ ወደ ዓመቱ መጨረሻ ግን ጆሮው በቤቱ ቋንቋ ላይ ይረጋል። የውጭ አገር ሰው «ከ»ን ከ«ቀ»፣ «ተ»ን ከ«ጠ» ለመለየት ስንት ሲታገል የእኛ ሕፃን ግን በእግሩ ሳይሄድ ጨርሶታል።

ልጅ የሰማውን ብቻ የሚደግም የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። በክፍላችን ያለች የሦስት ዓመት ልጅ ወንድሟን ስትጠራ «ምጣ!» ትለዋለች። «ና» እንጂ «ምጣ» የሚል ሰው በቤቷም በሰፈሯም የለም። «ወጣ» ካለ «ውጣ»፣ «ጠጣ» ካለ «ጠጣ»ን «ጠጪ» «ጠጡ» እያለች የምትሰማ ልጅ፣ «መጣ» ከሚለው ራሷ ያወጣችው ነው። ብንሥቅባትም ከእኛ ይልቅ ሰዋስው የገባት እርስዋ ናት።

ቤተ ክርስቲያናችን ግን ሕፃኑ አፉን እስኪፈታ አትጠብቅም። ወንዱ በ40 ሴቷ በ80 ቀን ይጠመቃሉ። በዚያ ቀን ሕፃኑ አንዲት ቃል አያውቅም። የክርስትና አባቱ ወይም እናቱ ናቸው ስለ እርሱ ወደ ምዕራብ ዞረው ሰይጣንን የሚክዱት፣ ወደ ምሥራቅ ዞረው የሚያምኑት። አንደበት የሌለው በሌላ ሰው አንደበት ይመሰክራል። በኋላም ወደ የኔታ ሲሄድ 33ቱን ፊደል በ7 በ7 አድርጎ 231 ይቆጥራል፤ ከቁጥር ወደ ግዕዝ፣ ከግዕዝ ወደ ውርድ ንባብ፣ ከውርድ ንባብ ወደ ቁም ንባብ እያለ ዳዊት ይደግማል። ይህ ሁሉ የሚገባው በጆሮ ነው። ልጁ የኔታን ሰምቶ ይቀበላል፤ ታናሹም እርሱን ሰምቶ ይቀበላል።

እንግዲህ ጆሮው ያልሰማለትስ?

በክፍላችን አንድ የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ ነበረ። እናቱ በየእሑዱ አምጥታ ከፊት ታስቀምጠዋለች። መዝሙር ሲባል አይቀበልም፤ ስሙን ስንጠራ ወደ መስኮት ያያል። እልከኛ ነው ብለን ፈረድን። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ አቁሞት «እስክትዘምር አትቀመጥም» አለው፤ ሌሎቻችንም ዝም ብለን አየን። ልጁ አላለቀሰም። ወደ ከበሮው ሄዶ መዳፉን ከቆዳው ላይ ለጠፈና ቀጥ ብሎ ቆመ። ከበሮ መቺው ሲመታ ፊቱ በራ። ያን ጊዜ ገባን።

እናቱን ስንጠይቃት ጡት ሳይተው በትኩሳት ታሞ ጆሮው እንደጠፋ ነገረችን። «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽንም?» ብንላት «እንዳትመልሱብኝ ፈርቼ ነው» አለችን። ይህ ቃል ዛሬም ያቃጥለናል። በቋንቋችን «ደንቆሮ» የሚለው ቃል ጆሮው የማይሰማውንም አእምሮ የጎደለውንም በአንድነት የሚሰድብ መሆኑን ያን ቀን አስተዋልን። እርስዋ የፈራችው ይህን ቃል ነበር።

ወደ ቤት ሄደን ማርቆስ ወንጌልን በምዕራፍ 7 ገለጥን። ጌታችን በዐሥር ከተማ አውራጃ የማይሰማና የሚኮላተፍ ሰው ባመጡለት ጊዜ አስቀድሞ አልተናገረውም። ከሕዝቡ ለይቶ ወሰደው፤ ጣቶቹን በጆሮዎቹ አገባ፤ ምላሱን ዳሰሰ፤ ወደ ሰማይ ተመለከተ። ሰውየው ቃል አይሰማምና ምን ሊያደርግለት እንደሆነ በእጁ ነገረው። «ኤፍታህ» ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቃል ከግዕዙ «ፈትሐ»፣ ከእኛም «አፍ መፍቻ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። ዘካርያስም ድዳ ሆኖ ሳለ ዘመዶቹ ስለ ልጁ ስም የጠየቁት በምልክት ነበር። እኛ ግን ለሰባት ዓመት ልጅ ይህን ያህል እንኳ አልደከምንም።

የሚያሳስበውም ነገር ይህ ነው፤ ቋንቋ ጊዜ አለው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በድምፅም ሆነ በእጅ ምንም ቋንቋ ያላገኘ ልጅ በኋላ ሙሉ በሙሉ መያዝ ይቸግረዋል። የማይሰማ ሕፃን በእጅ የሚነጋገሩ ወላጆች ቢኖሩት ግን ሌላው «ባባባ» በሚልበት ወር እርሱ በጣቶቹ ይንተባተባል። በኒካራጓ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) መስማት የተሳናቸው ልጆች በማናጓ በትምህርት ቤት ሲሰበሰቡ፣ በየቤታቸው በግል የነበራቸው ምልክት ተዋሕዶ ሙሉ ቋንቋ ወጣው። ማንም አላስተማራቸውም፤ ይበልጥ ያበለጸጉትም ትንንሾቹ ናቸው። ለዚያ ልጅም የጎደለው አእምሮ አይደለም፤ አብሮት የሚነጋገር ጉባኤ ነው።

የዘጠኝ ዓመት እኅት አለችው። ሁለቱ ለብቻቸው ያወጡት ምልክት ነበራቸው። አሁን ግን እርሱ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የሚያስተምር ትምህርት ቤት ገብቶ የኢትዮጵያን ምልክት ቋንቋ እየተማረ ነው፤ እኅቱም ከእርሱ ትወስዳለች። እሑድ እሑድ ከጉባኤ በፊት ለሩብ ሰዓት ሁለቱ ከፊት ይቆማሉ፤ እኛ በሕፃናቱ ወንበር ላይ ተቀምጠን እንማራለን። እስካሁን አባታችን ሆይን እስከ መካከሉ ደርሰናል። እጃችን ሲኮላተፍ ልጁ ይሥቅና ወርዶ ጣታችንን አንድ በአንድ ይዞ ያቃናልናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።