ትንሽ ሆኖ የመኖር ሰላም

ሰው ዓሣን ቤቱ የሚያስገባው ለጸጥታ ነው። ውሻ ይጮኻል፣ ድመት ትቧጭራለች፣ ዓሣ ግን ዝም ነው። ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ የመስታወቱን ገንዳ ሲያይ መንፈሱ ይረጋጋል ይላሉ። ታዲያ ከእነዚህ ጸጥታ ወዳዶች መካከል ክላውንፊሽ የሚባሉትን፣ ብርቱካንማ ላይ ነጭ ቀለበት ያለባቸውን ዓሦች ጥንድ አድርገው የሚያስገቡ ሰዎች አንድ ቀን ጉድ ያያሉ። ትልቋ ትንሹን ታሳድደዋለች። ትነክሰዋለች። ጥግ ታስይዘዋለች። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ጸጥታ ድምፅ የሌለው የቡጢ ሜዳ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ባሕር ማዶ የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ ይኸው ገጥሞት ስልክ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ምን ይሻላል? ልለያቸው ወይስ ልተዋቸው?» አለኝ። እኔ ሥነ ጽሑፍ እንጂ ዓሣ አላስተማርኩትም። ግን ጥያቄውን ሳስበው ለካስ የዓሣ አዋቂ ብቻ የሚመልሰው አልነበረም። ሁለት ፍጥረታት በአንድ ቤት ሲጣሉ፣ ከመስታወቱ ውጭ የቆመው ሰው መቼ ነው እጁን የሚያስገባው? ይህን ጥያቄ ስንቶቻችን በጎረቤት ግድግዳ በኩል ሰምተነዋል!

እስቲ መጀመሪያ የዓሦቹን ወግ እንይ። ክላውንፊሽ የሞቃት ባሕር ዓሣ ነው። ቤቱ አኔሞኒ የሚባል፣ ብዙ እጅ ያለው ተናዳፊ የባሕር እንስሳ ነው። ሌላውን ዓሣ የሚለበልበው መርዝ እሱን አይጎዳውም። ከዘመዶቹ አንዱ፣ ሁለት ቀለበት ያለው፣ እዚሁ ቅርባችን ቀይ ባሕር ውስጥ ይኖራል። በአንድ አኔሞኒ ውስጥ ጥቂት ዓሦች በማዕረግ ይሰፍራሉ። ትልቋ እንስቷ ናት፤ ቀጥሎ ባሏ፤ ከዚያ በታች መራባት ያልጀመሩ ታናናሾች። የሚገርመው፣ ሲያድጉ መጀመሪያ ሁሉም ወንድ ነው የሚሆኑት። እንስቷ ስትሞት ባልየው ፆታውን ለውጦ እንስት ይሆናል፤ ከታናናሾቹ ትልቁ ደግሞ የባልነቱን ወንበር ይወርሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 ዓለም በወደደው «ኒሞን ፍለጋ» ፊልም ላይ፣ ሚስቱ የሞተችበት አባት ልጁን ፍለጋ ባሕር ያቋርጣል። በዓሦቹ ሕግ ቢሆን ኖሮ አባትየው እናት መሆን ይጀምር ነበር። የልጆች ፊልም ነውና ዘለሉት!

በዚያው ዓመት ፒተር በስተን የተባለ ተመራማሪ በፓፑዋ ኒው ጊኒ የባሕር ዳርቻ ያጠናውን «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት አወጣ። ያገኘው ነገር ከፊልሙ ይልቅ ያስደንቃል። የበታቹ ዓሣ ከበላዩ ያነሰ መጠን ይዞ የሚቆየው እድገቱን ራሱ ስለሚገታ ነው። የበላዩን መጠን ከተጠጋ ጠብ ይነሳል፤ ጠብ ከተነሳ ከአኔሞኒው ሊባረር ይችላል፤ ከአኔሞኒው ውጭ ደግሞ ትልልቅ ዓሦች አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁታል። ስለዚህ ትንሽ ሆኖ ይቆያል። የበላዩ ሲጠፋ ያን ጊዜ ማደግ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። ያ ባሕር ውስጥ ስናየው የሚያምረን ሰላም፣ ዋጋው የአንዱ እድገት ነው ማለት ነው።

ወደ ገንዳው እንመለስ። በባሕር ውስጥ ታናሹ ተራውን አውቆ፣ ትንሽ ሆኖ ነው ከሌሎቹ ጋር የሚቀላቀለው። ከሱቅ የተገዙ ጥንዶች ግን አንዳንዴ እኩያ ናቸው፤ ማን የበላይ እንደሆነ ገና አልተወሰነም። አንዳንዴም ሁለቱም እንስት ሆነው ይገኛሉ፤ ያን ጊዜ እርቅ የሚባል ነገር የለም። የለመዱት ሰዎች ምልክቱን ያውቁታል። ትልቋ ስትመጣ ትንሹ ጎኑን ሰጥቶ ሰውነቱን ካንቀጠቀጠ «እሺ እመቤቴ» ማለቱ ነው፤ እሷም ትተወዋለች። ይህ ወጉ ነውና አትግቡ ይላሉ። ክንፉ ከተበጣጠሰ፣ ምግብ ከተወ፣ ጥግ ተለጥፎ ከቀረ ግን ወግ አይደለም፤ ለያዩ ይላሉ።

«ተፈጥሯቸው ነው፣ ተዋቸው» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህቺ «ተፈጥሮ ነው» የምትባል ነገር ብዙ ጉድ ስትሸፍን ኖራለች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ነበር፤ ይህ የተነሳው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። የድሮውን ሕግ ደግፎ «ወንድ የበላይ መሆኑ ተፈጥሮ ነው» ሲል የሚከራከር ሰው ዛሬም አለ። ይህ ሰው ምስክር ፍለጋ ባሕር ቢወርድ ጉዱ ነው፤ ክላውንፊሽ ቤት ያለችው ንግሥት ናት። የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ18ኛው መቶ ዘመን ያስገነዘበው ይህንኑ ነበር፤ አንድ ነገር «እንዲህ ነው» ስለተባለ ብቻ «እንዲህ ሊሆን ይገባል» አይባልም። ዓሣዋ በመንከሷ አትወቀስም፣ ትንሹም በመንቀጥቀጡ አይመሰገንም። ሕግ ከእነሱ አንማርም።

ከእነሱ ባንማርም፣ ከገንዳው ባለቤት ግን የምንማረው አለ። ልብ በሉ፣ ባሕሩም ቢሆን የነፃነት አገር አይደለም፤ ከአኔሞኒው የወጣ ይበላል። የገንዳው ልዩነት አንድ ነገር ነው፤ ከመስታወቱ ውጭ የሚያይ ሰው አለ። ጥንዶቹን የመረጠ፣ ያገናኘ፣ ማምለጫ የሌለው ቤት የሠራ ሰው። ባሕሩን ማንም አይጠይቀውም። ይህን ሰው ግን እንጠይቀዋለን።

እኛስ? የጎረቤት ቤት ሲታመስ «የባልና ሚስት ጠብ ነው»፣ «የሰው ገመና አይገለጥም» ብለን ራዲዮኑን ከፍ የምናደርግ ሰዎች ነን። አንዳንዴ ልክ ነን፤ በየኩርፊያው ሽማግሌ ቢገባ ትዳር ሸንጎ ይሆናል። የዓሣ አርቢዎቹ መለኪያ እዚህ ላይ ትጠቅመኛለች። መባረር ሌላ፣ ክንፍ መበጣጠስ ሌላ። መኮራረፍ ሌላ፣ ከምግብና ከሰው መራቅ ሌላ። ሁለተኛውን አይቶ «ወጋቸው ነው» ማለት ግን ጨዋነት አይባልም።

ሌላም ነገር አላቸው። መለየት ካለበት፣ ብዙዎቹ ለጊዜው የሚያወጡት ነካሿን ነው። ተነካሹ ቤቱ ውስጥ ይቀርና ያለ ፍርሃት ይዋኛል፣ ይበላል፣ ቦታውን ይለምዳል። ከቀናት በኋላ ያቺ ጉልበተኛ ስትመለስ እሷ እንግዳ ትሆናለች፣ ጠቡም አንዳንዴ ይበርዳል። እኛ ጋ ግን ሌሊት ልጅ አዝላ በር የምትወጣው ማን ናት? ተደብዳቢዋ። ደብዳቢው አልጋው ላይ ያድራል፤ እሷ የእናቷ ቤት። ሽማግሌ ተልኮ ስትመለስም እንግዳዋ እሷ ነች። ለዓሣ የታሰበው ፍርድ ለሰው ሳይታሰብ መቅረቱ ያሳፍራል።

የቀረኝ ከሁሉ የከበደው ነው፤ ድብደባ የሌለበት ሰላም። ጩኸት የለም፣ የተሰበረ ሳህን የለም፣ ጎረቤቱም «እንዴት ያለ የተባረከ ቤት!» ይላል። ውስጡ ግን አንዱ ትንሽ ሆኖ ይኖራል። ሐሳቧን ከጉሮሮዋ የምትመልስ ሚስት፣ ወይም በቤቱ ድምፅ የሌለው ባል። አለቃው እንዳይከፋ ዕውቀቱን የሚደብቅ ሠራተኛ። መምህሩን ላለመብለጥ ጥያቄውን የሚውጥ ተማሪ። ሆድ ይፍጀው ብለው ያደሩ ሰዎች ናቸው።

«አብሮ መኖር ያለ መቻቻል አይሆንም፤ ሁላችንም ትንሽ ትንሽ እናንሳለን» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው። ትዕግሥትን ከፍርሃት መለየት አስቸጋሪ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ዝም ብለው ነው የሚታዩት። እኔ የማውቃት አንዲት መፈተኛ አለች፦ ያ ትንሹ ቢያድግስ? ሚስት የልቧን ብትናገር፣ ሠራተኛው ያወቀውን ቢያወጣ፣ ምን ይመጣል? ቤቱ ጥቂት ተንጫጭቶ የሚጸና ከሆነ፣ እስካሁን የነበረው ትዕግሥት ነበር። ንክሻ የሚከተል ከሆነ ግን የነበረው ሰላም ሳይሆን የተገታ እድገት ነው። ዓሣው ቢያንስ ወረፋ አለው፤ የበላዩ ሲሄድ ያድጋል። የሰው ዕድሜ ግን ወረፋ ሲጠብቅ ያልቃል።

እስቲ ዛሬ ማታ፣ በቤታችን ዝም የሚለው ሰው ለምን ዝም እንደሚል እንጠይቅ። ስንጠይቅም ቀድሞ የሚንቀጠቀጥ ካለ፣ መልሱን አግኝተናል።