አጠበ፣ አሳጠበ፣ አስታጠበ

«መኪናዬን አጠብኩ» እና «መኪናዬን አሳጠብኩ» በሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለችው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት፤ «ሳ»። የሰዋስው መምህራን የመጀመሪያውን ግስ አድራጊ፣ ሁለተኛውን አስደራጊ ይሉታል። አስደራጊው ግስ ለየት ያለ ጠባይ አለው፤ ሥራውን በእጁ የሠራውን ሰው ሳይጠራ ዓረፍተ ነገሩን ሙሉ ያደርጋል። «መኪናዬን አሳጠብኩ» ያለን ሰው «በማን?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ባለቤቱ ተጠርቷል፣ መኪናው ተጠርቷል፣ መንጻቱም ታውቋል። ያጠበው ሰው ግን በ«ሳ» ውስጥ ተጠቅልሎ ቀርቷል።

ሰዋስው በራሱ ማንንም አይበድልም፤ ቋንቋ ሁሉ እንዲህ ያለ ማሳጠሪያ ያስፈልገዋል። ነገር ግን በቋንቋው ውስጥ የተጠቀለለው ሰው በኑሮም ተጠቅልሎ ሲቀር ጉዳዩ ከሰዋስው ወደ ግብረ ገብ ይሻገራል። መኪና ማጠብና መወልወል ይህን ለመመርመር የሚመች ምሳሌ ነው። ሥራው በአደባባይ፣ በመንገድ ዳር፣ ሁሉ እያየ ይሠራል፤ ውጤቱም ከሩቅ ያብረቀርቃል። ሥራው ይህን ያህል እየታየ ሠሪው ይህን ያህል የሚሰወርበት ሙያ ጥቂት ነው።

አጠበ

ማብረቅረቅን በጥርጣሬ ማየት የቆየ ልማድ ነው። «የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ» የሚለው ተረት ለደጅ ሰው የሚመች፣ ለቤቱ ግን እሾህ የሆነውን ይነቅፋል። በዚህ ዓይን ሲታይ እሑድ ጠዋት ደጁ ላይ ቆሞ ኮፈኑን የሚወለውል ሰው ከንቱ ውዳሴ ፈላጊ ይመስላል። አንዳንዱ በእርግጥም ነው። ሆኖም ፍርድ ከመስጠት በፊት ሥራውን ራሱን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል።

መኪና በወጉ ማጠብ የሚችል ሰው ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ አሸዋና ጭቃ የሚበዛው ከታች፣ በጎማውና በበሩ ግርጌ ነውና። ሁለት ባልዲ ይይዛል፤ አንዱ የሳሙና፣ ሌላው የጨርቁ ማለቅለቂያ። መሬት የወደቀ ጨርቅ መልሶ ቀለም ላይ አያሳርፍም። የዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ምክንያቱ ቆሻሻው ውስጥ አሸዋ መኖሩ ነው፤ አሸዋ ይቧጭራል። በፀሐይ ጊዜ በጥቁር መኪና ላይ እንደ ሸረሪት ድር ክብ ክብ ሠርተው የሚታዩት ቀጫጭን ጭረቶች በአብዛኛው ከመንገድ የመጡ አይደሉም። ያመጣቸው ያጠበው እጅ ነው። ግድ የለሽ እንክብካቤ ያቆስላል።

ውልወላ ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። ብዙ ሰው ፖሊሽ በመኪናው ላይ ብርሃን የሚጨምር ይመስለዋል። ፖሊሽ ግን በጣም የደቀቀ መፋቂያ ነው፤ የሚሠራውም በመቀነስ ነው። በዛሬ መኪኖች ላይ ከቀለሙ በላይ ግልጽ የሆነ ሽፋን አለ፤ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰው ፀጉር ያንሳል። ጭረት የሚጠፋው ተሞልቶ አይደለም፤ በዙሪያው ያለው ሽፋን ወደ ጭረቱ ጥልቀት ዝቅ እስኪል ድረስ ተፍቆ ነው። ገጹ ሲስተካከል ብርሃን መበታተኑን ትቶ በአንድ አቅጣጫ ይመለሳል፤ ዓይንም ያንን «አበራ» ይለዋል። ሰም የሚቀባው ከዚያ በኋላ፣ የተረፈውን ለመጠበቅ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ መኪና የሚችለው ውልወላ የተቆጠረ ነው። ጥሩ ባለሙያ ጥልቁን ጭረት አይቶ «ይሄ ይቅር» ማለት ይችላል፤ እርሱን አጠፋለሁ ብሎ ቢታገል ሽፋኑን ይጨርሰዋል።

ሞተር ሳይክል ደግሞ የሚሸሸግበት ኮፈን የለውም። ሞተሩ፣ ሰንሰለቱ፣ ሽቦው ሁሉ ደጅ ነው። ጨርቅ ይዞ የሚያጸዳው ሰው የላላ ብሎን፣ የሚያንጠባጥብ ዘይት፣ የተሰነጠቀ ጎማ በጣቱ ያገኛል። አሜሪካዊው ደራሲ ሮበርት ፒርሲግ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው፣ በሞተር ሳይክል ጥገና ዙሪያ በሚያጠነጥነው ዝነኛ መጽሐፉ የተሟገተለት ሐሳብ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ማሽንን መንከባከብና ራስን መንከባከብ ተለያይተው የሚቆሙ ሥራዎች አይደሉም። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ሚኒባሱን የሚያጥበው የአዲስ አበባ ባለታክሲ፣ በዋሽንግተን ዲሲም ተሳፋሪ ከመጫኑ በፊት የኋላ ወንበሩን የሚጠርገው የሀገሩ ልጅ፣ ይህን ከመጽሐፍ መማር አላስፈለጋቸውም። መኪናው እንጀራቸው ነው፤ ሲያጥቡትም ይፈትሹታል።

ማጠብ እንግዲህ በራሱ ከንቱነት አይደለም። ትኩረት፣ ዕውቀትና ራስን መግታት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ጥያቄው የሚከብደው ይህ ሁሉ ትኩረትና ዕውቀት የሌላ ሰው ሆኖ፣ ክብሩ ግን ለባለቤቱ ሲቀር ነው።

አሳጠበ

ሄግል እ.ኤ.አ. በ1807 በታተመ መጽሐፉ ስለ ጌታና ሎሌ ሲጽፍ ለሎሌው አንድ ተስፋ አስቀምጦለታል። ጌታው ዕቃውን ይጠቀምበታል እንጂ አይሠራውም፤ ሎሌው ግን ዕቃውን ሲቀርጽ ራሱን ያገኝበታል። ይህ ለሸማኔ ይሠራል፤ ጥለቱ የእርሱ ነው። ለሸክላ ሠሪዋም ይሠራል፤ የጣቷ ዱካ በእንስራው አንገት ላይ አለ። መኪና ወልዋይን የሚገዛው ሕግ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የእርሱ ሥራ ፍጹም የሚሆነው ዱካው ፈጽሞ ሲጠፋ ነው፤ አንድ የጣት አሻራ ኮፈኑ ላይ ከቀረ ሥራው ጎደለ ይባላል። ሥራው ሲያልቅ ኮፈኑ መስተዋት ይሆናል፤ ጎንበስ ብሎ ፊቱን የሚያይበት ግን ባለቤቱ ነው።

ሐና አረንት እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመችው ስለ ሰው ልጅ ሁኔታ በሚያወራው መጽሐፏ ዘላቂ ነገር ትቶ የሚያልፈውን ሥራ፣ በየቀኑ ተሠርቶ በየቀኑ ከሚጠፋው ልፋት ለይታ አይታዋለች። ማጽዳት ከሁለተኛው ወገን ነው። የግሪኩ ጀግና ሄራክሊስ የአውግያስን በረት ማጽዳቱ ከጀብዱ የሚቆጠረው በረቱ አንዴ ከጸዳ ጸድቶ ስለሚቀር ነው፤ እንዲህ ያለ በረት ደግሞ በተረት ብቻ እንደሚገኝ አረንት ታስታውሳለች። መኪና አጣቢ እንዲህ ያለ ጀብዱ የለውም። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይጥላል፣ በማግሥቱ ያው መኪና ጭቃውን ተሸክሞ ይመለሳል።

የስም ጉዳይ በኢትዮጵያም አዲስ አይደለም። ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ባልቻ «አባ ነፍሶ» ተብለው የተጠሩት በፈረስ ስማቸው ነው። ፈረሱ ለባለቤቱ ሁለተኛ ስም ሰጥቶታል። የፈረሰኞቹ አለቃም «ባልደራስ» የሚል ማዕረግ ነበረው። ፈረሱን ውኃ ያወረደው፣ ጋማውን ያበጠረው፣ ልጓሙን የወለወለው ሎሌ ግን ከነስሙ ተረስቷል። ዛሬ ፈረሱ በመኪና ተተክቷል፤ «የእገሌ መኪና» ሲባል ክብሩ ከዕቃው ወደ ባለቤቱ የሚፈስበት ቦይ ግን ያው የጥንቱ ነው። ወደ አጣቢው የሚወርድ ቦይ አልተቆፈረም።

ስሙ የጠፋ ሰው ዋጋውም ይጠፋል። በብዙ ዘርፍ ማሽን ሰውን ሲያፈናቅል፣ በብሪታኒያ የመኪና እጥበት ግን ነገሩ ተገለበጠ። ካለፈው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወዲህ ብሩሽ ያላቸው ማጠቢያ ማሽኖች ቀንሰው በእጅ የሚታጠብባቸው ቦታዎች በረከቱ። የሀገሪቱ ምክር ቤት የአካባቢ ጉዳዮች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ቁጥራቸው ከ10,000 እስከ 20,000 እንደሚገመት ጠቅሶ፣ በዘርፉ ስላለው የጉልበት ብዝበዛ አስጠንቅቋል። ሰው ከማሽን የረከሰበትን ምክንያት ቀላል ስሌት ያሳያል። አራት ሰዎች አንድ መኪና በሩብ ሰዓት ቢያጥቡ፣ ተደምሮ የአንድ ሰው የአንድ ሰዓት ጉልበት ነው። ዋጋው 5 ፓውንድ ቢሆን፣ ውኃው፣ ሳሙናውና ኪራዩ ሳይነሣ እንኳ፣ በዚያው ዓመት 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሠራተኛ ከተደነገገው ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ፣ ከ7.83 ፓውንድ፣ ያንሳል። ልዩነቱን የከፈለ ሰው አለ፤ እርሱም በ«ሳ» ውስጥ የተጠቀለለው ሰው ነው።

በዱባይ ደግሞ የቆሸሸ መኪናን በአደባባይ አቁሞ መተው 500 ድርሃም ያስቀጣል። ደንቡ የሚናገረው ስለ መኪናው መልክ ነው፤ ንጋት ላይ በየሕንፃው ምድር ቤት ባልዲ ይዞ ስለሚዞረው ስደተኛ አይናገርም። በባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ቤት ሠራተኛ ሆነው ከተቀጠሩ ኢትዮጵያውያት መካከልም ወጡ፣ ልጁና ብረት ምጣዱ ሳያንስ የአሠሪ መኪና ማጠብ የሚጨመርባቸው አሉ። የከተማዋ መንገድ ሲያበራ የሚታየው ብርሃን ከፊሉ የእነዚህ ሰዎች እንቅልፍ ነው።

አስታጠበ

ብርሃን ሁሉ ግን የእጅን ዱካ አያጠፋም። ጃፓናዊው ደራሲ ጁኒቺሮ ታኒዛኪ እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ ጥላ በጻፈው ድርሰት ምዕራባውያን የብር ዕቃቸውን እስኪያንጸባርቅ እንደሚወለውሉ፣ ጃፓናውያን ግን ዕድሜ ያጠቆረውን ብር እንደሚወዱ ያነጻጽራል። ይህን የዕድሜ ድምቀት የሚገልጹት የቻይናና የጃፓን ቃላትም እጅ ደጋግሞ ከመንካቱ የሚመጣን ልስላሴ እንደሚያመለክቱ ይነግራል። ለአማርኛ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም። የዘነዘና ወገብ የሚያበራው ማንም ወልውሎት አይደለም፤ የእናትና የአያት መዳፍ ዓመት ከዓመት ስላለፈበት ነው። የካህን መቋሚያም እንደዚሁ። በዚህ ብርሃን ውስጥ ሠሪው ይታያል። በመኪናው ብርሃን ውስጥ ተሰውሯል። መኪናን እንደ ዘነዘና ማስረጀት አይቻልም፤ ታዲያ የተሰወረውን እጅ መልሶ የሚያሳየው ምንድን ነው?

ለመልሱ ከዚያው ሥር የተገኘ ሦስተኛ ግስ ይረዳል፤ «አስታጠበ»። ከማዕድ በፊት ማንቆርቆሪያ ይዞ የቀረበ ልጅ እንግዳን ያስታጥባል። ይህ ማጠብም ማሳጠብም አይደለም። አንዱ ውኃ ያፈስሳል፣ ሌላው እጁን ራሱ ያሻል። ሁለቱም በቦታው መገኘት አለባቸው፤ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ታጣቢውም ዝም ብሎ አይነሣም፤ «እደግ» ብሎ ይመርቃል። ይህን ልማድ አለልክ ማወደስ ግን አይገባም። ማንቆርቆሪያውን የሚይዘው ሁልጊዜ ታናሹ ወይም ሠራተኛዋ ነበረች፤ ምርቃትም ደሞዝ አይሆንም። ቢሆንም አስደራጊው ግስ የጎደለው አንድ ነገር አለው፤ አገልግሎት የተቀበለው ሰው ያገለገለውን ሳያይ ማለፍ አይችልም።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት «እያንዳንዱ የራሱን መኪና ይጠብ» የሚል አይደለም። እንዲህ ያለው ንጽሕና የባለቤቱን ኅሊና ያጥብ እንደሆን እንጂ ከላቫጆው ገቢ የሚኖረውን ቤተሰብ አያበላም። በአዲስ አበባ በማኅበር ተደራጅተው ላቫጆ የሚሠሩ ወጣቶች የሚፈልጉት ደንበኛ እንዲመጣ ነው። ሊለወጥ የሚገባው የማሳጠብ መንገዱ ነው።

እዚህ ላይ ጉርሻ የሚለው ቃል ይፈትናል። አማርኛ በእጅ የሚያጎርሱትን ምግብና ለአገልጋይ የሚሰጡትን ትርፍ ገንዘብ በአንድ ቃል ይጠራል። ሁለቱም የሚያምሩት ሰውየው አስቀድሞ ማዕድ ሲኖረው ነው። በካሊፎርኒያ ግን ያለ ደመወዝ፣ በጉርሻ ብቻ የሚሠሩ መኪና አጣቢዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የክፍለ ሀገሩ ሕግ ማጠቢያ ቤቶች እንዲመዘገቡ አስገደደ፣ ደመወዛቸው ለተበላባቸው ሠራተኞችም መካካሻ ፈንድ አቋቋመ። በኒው ዮርክ ከተማም ሠራተኞቹ ከ2012 ጀምሮ በማኅበር መደራጀት ጀምረው፣ በ2015 ማጠቢያ ቤቶችን በፈቃድ የሚያስገዛ ሕግ ወጥቷል። የምዝገባ ደብተርና የፈቃድ ወረቀት ግጥም የሚጻፍላቸው ነገሮች አይደሉም። ሆኖም አንድ ኅብረተሰብ የተጠቀለለን ሰው ስም ፈትቶ የሚጽፍባቸው መሣሪያዎች ናቸው። ደመወዝ በቦታው ከተከፈለ በኋላ ጉርሻ የወዳጅነት ምልክት ይሆናል፤ በደመወዝ ቦታ ሲገባ ግን በደል ነው፣ ሰጪው ፈገግ ብሎ ቢሰጠውም።

«ደንበኛው ከኋላ ያለውን በምን ያውቃል?» የሚል ሙግት ይነሣ ይሆናል። ሙግቱ ክብደት አለው፤ መኪና ሊያሳጥብ የሄደ ሰው የሥራ ተቆጣጣሪ አይደለም፣ ብዝበዛን ማስቆምም በዋናነት የመንግሥት ግዴታ ነው። ነገር ግን ዋጋው ደንበኛው ፊት ተጽፏል። ስንት ሰው በስንት ደቂቃ እንደሠራም ቆሞ አይቷል። ጎማውን የሚያጸዳው ልጅ ጓንት ማድረጉን ወይም በባዶ እጁ ከኬሚካል ጋር መታገሉን ለማየት ምርመራ አያስፈልግም፤ ዓይንን ከስልክ ላይ ማንሣት ይበቃል። አለማወቅ እዚህ ከመረጃ እጦት የሚመጣ አይደለም። ባለማየት የሚገኝ ምቾት ነው፤ ዋጋውም ያን ምቾት ጨምሮ የተተመነ ነው።

የቅኔ ሊቃውንት ሰምና ወርቅን ሲያስተምሩ ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ማውጣትን ያስለምዳሉ። «መኪናዬን አሳጠብኩ» የሚለው ተራ ዓረፍተ ነገርም እንደዚያ ሊፈታ ይችላል። ሰሙ የመኪናው ንጽሕና ነው። ወርቁ፣ አንድ ሰው በዚያ ሰዓት በዚያ ቦታ በእጁ አጥቧል የሚለው ነው። ይህን ለማውጣት ቅኔ መዝረፍ አይጠይቅም፤ ቀጥሎ «አሳጠብኩ» ያለን ሰው «በማን? በስንት?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። ጠያቂው ራሱም ከመልሱ አያመልጥም።