«ነገ» የሚያሰኘን ምንድን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ «በዚህ ጾም እንኳ ንስሐ ሳልገባ አልቀርም» ያላችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? 55ቱ ቀን ሳናውቀው ሊያልቅ ይቃረብና ሆሣዕና ሲደርስ «እንግዲህ ለፍልሰታ» እንላለን። ይህን የምጽፈው ከእናንተ ተሽዬ አይደለም።

ቀጠሮ ማብዛት መልኩ ብዙ ነው። አንዱ በዕድሜው ያሳብባል፤ «ቁርባን ለሕፃንና ለሽማግሌ ነው፤ እኔ ሳረጅ» ይላል። ሌላው «መጀመሪያ መጠጡን ልተውና ከዚያ ካህኑ ዘንድ እሄዳለሁ» ይላል፤ ይህ ታምሞ ሳለ «ሲሻለኝ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ» እንደሚል ሰው ነው። ሦስተኛውን ለማወቅ ያስቸግራል፤ ሥራ አይፈታማ! ዝክር ያዘጋጃል፣ ለሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ ይሰበስባል፤ ከተጣላው ወንድሙ ጋር መታረቁን ብቻ ያቆየዋል።

ይህን ሁሉ ስንፍና እንለዋለን። ሥሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፍርሃት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ጽድቅ፣ ራስን ስለ መግዛትና ስለሚመጣው ፍርድ ሲነግረው አገረ ገዥው ፊልክስ ፈራ፤ ፈርቶም ሲመቸኝ አስጠራሃለሁ ብሎ አሰናበተው (ሐዋ. 24)። ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ቢያስጠራውም ጉቦ ፈልጎ እንጂ ለነፍሱ አልነበረም። ሁለት ዓመት አለፈና ሹመቱ ለሌላ ተሰጠ። በገብር ኄር ሰንበት የምንሰማው አንድ መክሊት የተቀበለው አገልጋይም መክሊቱን የቀበረው ፈርቶ መሆኑን ራሱ ተናግሯል።

እኔም ከአብነት ትምህርት ቤት ባልንጀራዬ ጋር በክፉ ቃል ተለያይቼ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። «ለፋሲካ ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ» ስል ሦስት ፋሲካ አለፈ። መንገዱ በታክሲ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ግን ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ። በመጨረሻ በሩን ሳንኳኳ ምን አለኝ መሰላችሁ? «እኔም እኮ ሁለት ጊዜ ደጅህ ድረስ መጥቼ ፈርቼ ተመልሻለሁ።» ተቃቅፈን አለቀስን። ነገር ግን ስንት ጊዜ ያበሉኝ እናቱ በመካከሉ ዐርፈው ኖሯል፤ ቀብራቸው ላይ አልቆምኩም። እኛ ታርቀናል፤ ያ ቀን ግን አይመለስም።

ስለዚህ ፍርሃቱ እስኪለቃችሁ አትጠብቁ፤ ከነፍርሃታችሁ ሂዱ። ሁሉንም በአንድ ቀን ጨርሱ የሚላችሁ የለም። ዛሬ «አባ፣ መቼ ልምጣ?» ብላችሁ ብቻ ጠይቁ። የንስሐ አባት የሌላችሁ ከቅዳሴ በኋላ አንዱን ካህን ጠጋ ብላችሁ አነጋግሩ። መጻጉዕ በ38 ዓመት ሕመሙ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው አጥቶ ነበር። እኛ ግን ካህኑ ከደጃችን ሳለ «ነገ» የምንለው ምን አጥተን ነው?

አምላካችን ለንስሐ ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር