ያልመጣችው እኅት አባል አይደለችም?

ሦስት ወር ያልመጣች ከኅብረታችን መዝገብ ትሰረዝ ተብሏል። ግን ቤተ ክርስቲያን ማለት የመጣ ሰው ብቻ ነው እንዴ?

አገር ቤት የደምቢ ዶሎን ነገር አስቡ። የአሜሪካ ፕሪስቢቴሪያን ሚሲዮኖች እዚያ የገቡት በ1919 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሕክምናና ትምህርት ጀመሩ። ጣሊያን ሲወረን ሚሲዮኖቹን አስወጣ። ያኔ ሕዝቡን ካጽናኑት አንዱ ቄስ ጊዳዳ ሶለን ናቸው፤ በልጅነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን ያጠፋው፣ ለምነው ያደጉ ሰው! (የፕሬዚዳንት ነጋሶ አባት ናቸው።) ነጮቹ ሲመለሱ ምእመኑ በዝቶ ጠበቃቸው። በ1947 ራሷን የቻለች የቤቴል ቤተ ክርስቲያን ሆነች፤ በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች።

ታዲያ ሰባኪ ሲባረር ያልፈረሰ አንድነት፣ ማዳም በር ስለቆለፈች ይፈርሳል? እዚህ ሐዝሚዬ ከፊት ለፊታችን ፎቅ ላይ አንዲት ልጅ አለች። ልብስ ስታሰጣ ከበረንዳ «እኔንም በጸሎት አስቡኝ» ትለኛለች። አንድም እሑድ ወጥታ አታውቅም። እረፍት እያላት የምትቀርም አትጠፋም፤ እሷን ደውሎ መጠየቅ ነው እንጂ መሰረዝ ምን አመጣው?

ሒሳብ ያዣችን መዋጮ ይጎድላል ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ የታመመች የምናሳክመው በዚያው ነው። እንግዲያው የበረንዳዋን ልጅ ድርሻ እኔ እከፍላለሁ። ስሟ ግን መዝገቡ ላይ ይጻፍልኝ።