ዝም ብሎ መሸጥ መዋሸት ነውን?

በዚህ ጽሑፋችን የምናነሣው ጥያቄ የሚጀምረው ከዶሮ ነው። ነገሩ ግን ትንሽ አይደለም። በእስቴ፣ በስማዳና በጋይንት ገጠር ዶሮ የእናቶች ከረጢት ናት፤ ጨውና በርበሬ፣ የልጅም ደብተር የሚገዛው በእርስዋና በእንቁላሏ ነው። እንግዲህ ይህች ዶሮ ስትታመም ባለቤቷ ምን ማድረግ ይገባታል?

ብዙ ጊዜ ክረምት ሲቃረብ ፈንግል ይመጣል። ምልክቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዶሮዋ ትቆዝማለች፤ ክንፏን ትጥላለች፤ አፏን ከፍታ ታለከልካለች፤ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፤ የአንዳንዷም አንገት ይጠማዘዛል። በጥቂት ቀን ውስጥ ቆጡ ባዶ ይቀራል። ኩሷ ደም የቀላቀለ እንደ ሆነ ግን ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ ይበጃል።

ፈንግል በሳይንስ ኒውካስል ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1926 በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ አካባቢ ከታየው ወረርሽኝ ነው። ድርጭትና ርግብም ይይዛቸዋል። አምጪው ቫይረስ ነውና ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። እኛ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ በውኃ እያደረግን እንግታታለን፤ ቴትራሳይክሊን የሚሰጥም አለ። እነዚህ ግን ቫይረሱን አይገድሉም።

አንድ ዓመት በእኛም ቤት ሁለት ዶሮዎች ሞተው አደሩ። እናታችን፣ «የቀሩት ሳይሞቱ ገበያ አድርሱልኝ» አለችን። አራቱን እግራቸውን አስረን ወሰድናቸው። አንዲት አሮጊት፣ «ደኅና ናቸው ልጆቼ?» ሲሉን፣ «ደኅና ናቸው እማማ» አልናቸው። እርሳቸውም አምነው ገዙን። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የእኒያ እናት ዶሮዎች ከነጫጩቶቻቸው ማለቃቸውን ሰማን። በዶሮዎቹ ገንዘብ የተገዛው ደብተር ያን ጊዜ በእጃችን ላይ ነበር።

ስለዚህ ነገር እርስ በርሳችን ብዙ ተከራከርን። ከመካከላችን፣ «ድኻ ከየት ያምጣ?» ያለ ነበር። እውነት ነው፤ ድኽነቱ ሐሰት አይደለም። ይሁንና ጉዳቱን ሸጥነው እንጂ አላጠፋነውም። ከእኛ ቤት ወደ ሌላ ድኻ ቤት ተሻገረ፤ እዚያም በዛ። የእኛ የአራት ዶሮ ኪሳራ ለእርሳቸው የቤታቸው ዶሮ ሁሉ ሆነ።

ሌላው ደግሞ፣ «ሁሉም ያደርገዋል» አለ። ታዲያ ፈንግል ከዓመት ዓመት ከገበያ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ገበያ የሚመላለሰው ሁሉም ስለሚያደርገው አይደለምን? እኛም ቤት የገባው ምናልባት እንደ እኛ ዝም ብሎ በሸጠ ሰው እጅ ይሆናል።

ሦስተኛው፣ «ገዢ ዐይኑን ገልጦ ይግዛ» አለ። ይህ ከሁሉ የሚያታልል ምክንያት ነው። በሽታው የገባባት ዶሮ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ስድስት ቀን፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ደኅና መስላ ትቆያለች። ገዢው ዐይኑን ቢገልጥ ምን ያያል? በቤት ሁለት ሞተው ማደራቸውን የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ምንም ሳያውቅ የሸጠ ሰው አይፈረድበትም። እውነቱ በእኛ ዘንድ ብቻ ሳለ ዝም ማለት ግን፣ ቃል ባይወጣበትም፣ መዋሸት ነው። እኛማ ተጠይቀን በአፋችንም ዋሽተናል።

ታዲያ መውጫው ምንድር ነው? እ.ኤ.አ. በ1964 በቢሾፍቱ የተቋቋመው የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት የፈንግል ክትባት ያመርታል። በዐይን ጠብ የሚደረግም አለው። በሽታው የገባባትን አያድንም፤ ጤነኛይቱን ግን ይጠብቃል፤ በየጥቂት ወሩም መደገም አለበት። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው፤ ከተከፈተና ከተበጠበጠ በኋላ ለነገ አይቀመጥም። ስለዚህ አምስት ዶሮ ያላት እናት ብቻዋን ብታስከትብ የሚበዛው ይደፋል። ጎረቤት ሁሉ በአንድ ጠዋት፣ ዶሮ ከቆጥ ሳትወርድ ሲተባበር ግን ለሁሉም ይዳረሳል። በፈንግል ጊዜ ብቻውን የሚድን ቤት የለም።

ወጣቶች ሆይ! እኛ ከዓመት በኋላ ካስከተብናቸው ዶሮዎች ሁለት ቄቦች ይዘን ወደ እኒያ እናት ሄድን፤ የሠራነውንም ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ያን ዕለት ብትነግሩኝ ኖሮ የቤቴን ባላስፈጀሁ ነበር» አሉን። ቄቦቹን ተቀበሉን፤ ነገር ግን ያ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም።

እንግዲህ ፈንግል በቤታችን ሲገባ ገበያ አንውጣ፤ የሞተውን በሜዳ ሳንጥል በጥልቅ እንቅበር፤ ከገበያ የገዛነውን ሁለት ሳምንት ለብቻው እናቆይ፤ ለጎረቤትም እንንገር። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ሰው «ደኅና ናቸው?» ብሎ ሲጠይቀን እውነቱን እንመልስ።